«እንቅርቱ ሲወጣ ዓይኑ ይገባል» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና «ቲቸር፣ ይሄ የእርስዎ በሽታ አይደል?» አለኝ። ስለ ዓይን መፍጠጥና አንገት ላይ ስላለው ታይሮይድ የሚባል ዕጢ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት። የተናደድኩት በጽሑፉ ይሁን በራሴ አልለይ አለኝ። እዚያ ላይ ካለው ግማሹን ከ4 ዓመት በፊት እኔም አምኜው ወራት አቃጥዬበታለሁ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ይሄን ይላል። ዓይን የሚፈጠው እንቅርቱ ከሥር እየገፋው ስለሆነ እንቅርቱ ሲወጣ ዓይኑ ይገባል። የሁሉም ምንጭ የአዮዲን እጥረት ነው፣ መፍትሔውም ጨው። የታይሮይድ ምርመራችሁ ደህና ከሆነ አለርጂ ነው፣ ጠብታ ግዙ። ሲጋራ ከዚህ ጋር አይገናኝም። እብጠት ለማብረድ የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት መርዝ ነው። ውጭ አገር ግን አንድ መርፌ አለ፣ እሱን ማግኘት ነው፤ እሱ ካልሆነ ቀዶ ጥገና፣ ያውም ዛሬ ነገ ሳይባል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጠበል የጀመረ ሰው መድኃኒቱን ያቁም ይላል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የ4ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ግን በሽታውን ዓይኔ ላይ ተሸክሜው ኖሬያለሁ፣ መጠየቅም አይሰለቸኝም፤ ሐኪሞቼን ጠይቋቸው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ለሁሉም እኩል ቦታ አልሰጥም። አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል፣ አንዳንዱ ግን የሰው ዓይን የሚያጠፋ ምክር ነው።

«እንቅርቱ ዓይንን ከሥር ይገፋዋል»

አይገፋውም። እንቅርት ያበጠ የታይሮይድ ዕጢ ነው፣ ያለውም አንገት ላይ ነው፣ ዓይን የራስ ቅል ውስጥ ነው፣ ተገፍቶ የሚደረስበት መንገድ በመሀላቸው የለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ደም ውስጥ የሚዞር ነገር ነው። ግሬቭስ በሚባለው በሽታ ሰውነታችን የራሱን አካል እንደ ጠላት ቆጥሮ አንቲቦዲ ያመርትበታል። አንቲቦዲው ታይሮይድ ዕጢ ላይ ያለችውን፣ ቲኤስኤች የሚባለው አዛዥ ሆርሞን የሚያርፍባትን መቀበያ ይይዝና ዕጢውን ያለ እረፍት ያሠራዋል። ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው እየበላ ይከሳል። እንግዲህ ያቺው መቀበያ ከዓይን ጀርባ ባሉ ሴሎችም ላይ አለች። አንቲቦዲው እዚያ ሲደርስ ሴሎቹ ውኃ የሚስብ ዝልግልግ ነገር ያመርታሉ፣ ስቡ ይጨምራል፣ ዓይንን ወደዚህ ወደዚያ የሚያዞሩት ጡንቻዎች ያብጣሉ።

ቦታው ደግሞ ጠባብ ነው። የዓይን ጉድጓድ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ይይዛል፣ ከአንድ የቡና ስኒ ያነሰ ማለት ነው። ዙሪያው አጥንት ነው፣ ክፍቱ በፊት በኩል ብቻ። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ ሶፋው ቢያብጥ ሰውየው በበር ከመውጣት ሌላ ምርጫ የለውም። 4 ሚሊ ሊትር ያህል እብጠት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ፣ ዓይንን ወደ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሊያወጣው ይችላል።

ጸሐፊው ለምን እንደተሳሳቱ ግን ይገባኛል። በሽታውን የደብሊኑ ሐኪም ሮበርት ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1835 ጻፈው፣ ጀርመናዊው ካርል ፎን ባዜዶ ደግሞ በ1840። ባዜዶ እንቅርትን፣ የፈጠጠ ዓይንንና የልብ መደለቅን አንድ ላይ ነው ያስቀመጣቸው። ሦስቱ አብረው ስለሚታዩ አንዱ ሌላውን ያመጣው ይመስላል። አብረው የመጡ ሁሉ ግን እናትና ልጅ አይደሉም፣ መንታም አለ።

ለዚህ ነው «እንቅርቱ ሲወጣ ዓይኑ ይገባል» የሚለው ብዙ ሰው የሚያስከፍለው። ታይሮይዱን ማከም ግዴታ ነው፣ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ከፍ ብሎም ዝቅ ብሎም ሲዋዥቅ ዓይን ይብሳል። ግን ዕጢውን በቀዶ ጥገና ማውጣት ዓይኑን ወደ ቦታው አይመልሰውም። በሚጠጣ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ዕጢውን ማድከም ደግሞ በአንዳንዱ ሰው፣ በተለይ በሚያጨስ ሰው፣ ዓይኑን ጭራሽ ሊያብሰው ይችላል። ስለዚህም ነው ሐኪሞች ይሄን ሕክምና ከመስጠታቸው በፊት ዓይን አይተው፣ ካስፈለገ መከላከያ ስቴሮይድ አብረው የሚያዙት።

ዓይን የራሱ ሰዓት አለው። ይሄን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ፒቲዩ የሚባለውን የታይሮይድ ማብረጃ ክኒን ጀምሬ፣ ልቤ ረግቶ፣ ኪሎዬ ተመልሶ፣ የደም ውጤቴ «ተስተካክሏል» ተብሎ ቤተሰብ እልል ባለበት ወር ነው ዓይኔ የባሰው። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ድረስ የሚነድበት ጊዜ አለው። ይነሳል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ትንሽ ይቀንሳል፣ ከዚያ ይረጋል። ሲረጋ ግን እብጠቱ ወደ ጠባሳ ተለውጦ ይደርቃል፣ የቀረውም እንደቀረ ነው። የትኛው ሕክምና መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ይሄ ሰዓት ነው። የጽሑፉ ስህተቶች ሁሉ ሲጨመቁ አንድ ናቸው፤ ሰዓቱን አያዩም።

«የአዮዲን እጥረት ነው፣ ጨው አብዙ»

በእኛ አገር እንቅርት ሲባል አዮዲን ትዝ ማለቱ ትክክል ነው። ደጋው ላይ በአዮዲን እጥረት የመጣ እንቅርት ስንት እናቶች አንገት ላይ አይተናል። በ2003 ዓ.ም. የምንበላው ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ የወጣውም ለዚሁ ነው። ግን ያ እንቅርት ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ያኛው ዕጢ ጥሬ ዕቃ አጥቶ የሚያብጥ ነው። ግሬቭስ ያለበት ዕጢ ግን ጥሬ ዕቃ አልጎደለውም፣ አለቃው አብዶበት ነው። ለእንዲህ ያለው ዕጢ አዮዲን በብዛት መስጠት፣ በተለይ እንደ ባሕር አረም እንክብል ባለ ነገር፣ እሳት ላይ ጋዝ ነው። የቤት ጨው እንደ ወትሮው ይበላል። ማብዛት ግን ለደም ግፊትም አይበጅም፣ ዓይንንም አይመልስም።

«የደም ምርመራው ደህና ከሆነ አለርጂ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የግል ቂም አለኝ።

መጀመሪያ ያወቅኩት በክርስትና ፎቶ ነው። የእህቴን ልጅ ታቅፌ ቆሜያለሁ፣ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ቀኝ ዓይኔ ግን አይስቅም። ከጥቁሩ በላይ ነጩ ይታያል። የዓይን ቆቤ ወደ ላይ ተሰብስቦ የደነገጠ ሰው አስመስሎኛል። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ጭጭ ማለት ጀመሩ፤ «ቲቸር ዘንድሮ ዓይኗን ታፈጣለች» ይባባሉ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ለስድስት ሳምንት ያህል በዓመቱ ጸጥተኛው ክፍል የእኔ ነበር፣ ርእሰ መምህሩም አመስግነውኛል።

ከዚያ እንባ፣ መቅላት፣ አሸዋ የገባበት ዓይነት ስሜት መጣ። ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ቱሉ ዲምቱ አቧራና ንፋስ የሚጠፋበት ወር ስለሌለ አለርጂ መባሌ አልገረመኝም። ለማረጋገጥ ታይሮይዴ ታየ፣ ያኔ ገና ኖርማል ነበር። «በቃ ታይሮይድ አይደለም» ተብሎ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ተሰጠኝ። ቅላቱን ሲያጠፋልኝ ደስ ብሎኝ ባለቀ ቁጥር እየገዛሁ 5 ወር ተጠቀምኩ። የዓይኔን ግፊት የለካው ሰው አልነበረም። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ክትትል ሲቆይ የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ሞራ ሊያመጣም ይችላል። በመጨረሻ ሆስፒታል ስደርስ የኔም ከፍ ብሎ ነበር። ጠብታው ሲቆም ወረደልኝ፣ ተመስገን ነው።

እና ጸሐፊው ሆይ፣ ይሄ ምክር እንዲህ ነው የሚያልቀው። የታይሮይድ ዓይን በሽታ ካለባቸው ሰዎች ከመቶ 90 ያህሉ ታይሮይዳቸው ከፍ ያለ ነው፣ እውነት ነው። የቀሩት ግን ወይ ኖርማል ናቸው ወይ ዝቅ ያለባቸው ናቸው። ዓይኑ ከታይሮይዱ ወራት ቀድሞ የሚመጣባቸውም አሉ፣ አንዷ እኔ። አንድ ጊዜ «ኖርማል» መባል ፋይል አይዘጋም፤ ከወራት በኋላ መደገም አለበት፣ አንቲቦዲውን ራሱን የሚለካ የደም ምርመራም አለ።

ልዩነቱን ካወቁት ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። አለርጂ በዋናነት ያሳክካል። ይሄኛው ከማሳከክ ይልቅ ይቆረቁራል፣ ከዓይን ጀርባ ይከብዳል፣ ዓይን ሲዞር ያማል። ጠዋት ይብሳል፣ ቆቡ አብጦ ይነሳል። ወደ ታች ስታዩ የላይኛው ቆብ ተከትሎ መውረዱን ይረሳል። አንድ ነገር ሁለት መስሎ ይታያል። እኔ 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ከታች ሆኜ ወደ ላይ ሳይ የደረጃው ብረት ሁለት ይሆንብኝ ነበር፣ አንዱ እውነተኛው፣ አንዱ ከላዩ የተንሳፈፈው። ስንት ቀን የሌለውን ብረት ጨብጫለሁ። አለርጂ ብረት ሁለት አያደርግም።

አንድ ዓይን ብቻ ከፈጠጠ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይሆን ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል። አንድ ዓይን ብቻ ይፈጣል ወይ ካላችሁ፣ አዎ፣ በዚህ በሽታ ይሆናል።

«ሲጋራ አይገናኝም»

ይገናኛል፣ ያውም በጣም። በዚህ በሽታ ውስጥ በሰው እጅ ካለው ነገር ሁሉ ትልቁ ሲጋራ ነው። የሚያጨስ የግሬቭስ ታማሚ ዓይኑ የመያዝ ዕድሉ ከማያጨሰው በእጅጉ ከፍ ያለ ነው፣ ሲይዘውም ይከብድበታል፣ መድኃኒቱም በደንብ አይሠራለትም። ብዛቱ በጨመረ ቁጥር ጉዳቱም ይጨምራል። ሺሻም ያው ትምባሆ ነው። በሽታው በብዛት የሚይዘው ሴቶችን ነው፣ ወንዶችን ሲይዝ ግን ይከብዳል። ስለዚህ «የሴት በሽታ ነው» ብላችሁ ፓኬት ኪሳችሁ ውስጥ ያለ ወንድሞቼ፣ ስለ እናንተ ነው የማወራው።

«ስቴሮይድ መርዝ ነው»

እዚህ ጸሐፊውን ግማሽ መንገድ ልሸኛቸው። ስቴሮይድ ቀልድ አይደለም። ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ጉበት ሊጎዳ ይችላል፣ የተኛ ቲቢ ይቀሰቅሳል። ፋርማሲ ገብቶ ፕሬድኒሶሎን ገዝቶ በራስ መዋጥ እብደት ነው። ከቆየ በኋላ በራስ ማቆም ደግሞ የባሰ እብደት ነው፣ ሰውነት የራሱን ማምረት ረስቶ ይጠብቃችኋልና።

ግን በሐኪም እጅ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። መካከለኛና ከባድ ሆኖ እየነደደ ላለ ዓይን በብዛት የሚሠራበት አሰጣጥ ይህ ነው፤ ሜቲልፕሬድኒሶሎን በደም ሥር፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ12 ሳምንት። የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት 500 ሚሊ ግራም፣ የቀጣዮቹ 6 ደግሞ 250፣ በድምሩ 4.5 ግራም። ከባድ ከሆነ መጠኑ ይጨምራል፣ አጠቃላዩ ግን ከ8 ግራም እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። ከመጀመሩ በፊት ጉበት፣ ስኳር፣ ግፊት፣ የጉበት ቫይረስ፣ ቲቢ ይታያል። እኔ ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ ሌላ ታክሲ እየያዝኩ 12 ሳምንት ተመላልሻለሁ። እስከ አስፋልቱ ባለው መንገድ ላይ የባጃጁ ላስቲክ ሁሌ የተቀደደ ስለሆነ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ተሸፋፍኜ ነበር የምሄደው፣ ሹፌሩ ሠርግ የሄድኩ ይመስለው ነበር መሰለኝ፣ አንድ ቀን «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎኛል።

መድኃኒቱ በደም ሥር ሲገባ አፍ ውስጥ ብረት ብረት ይላል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የወጥ ቤት መደርደሪያ አውርጄ ሳጥብ ባለቤቴ ወጥቶ አየኝና ምንም ሳይል ተመልሶ ተኛ። ፊቴ አበጠ፣ ስኳሬ ትንሽ ከፍ ብሎ ወረደ። በ5ኛው ሳምንት ግን ከዓይኔ ጀርባ ያለው ክብደት ለቀቀኝ። በ12ኛው ቅላቱ ሄዶ ነበር፣ ሁለት ሆኖ መታየቱም ቀንሶ ነበር። መፍጠጡስ? እምብዛም አልተመለሰም። ይሄን ሐኪሜ ከመጀመሪያው ነግረውኛል። ስቴሮይድ እሳቱን ያጠፋል፣ የወጣውን ዓይን መመለስ ግን ብዙም አይሆንለትም።

ዋናው ነገር ደግሞ እሳት ካለ ብቻ ነው የሚሠራው። ሐኪሞቹ 7 ነገር ይጠይቃሉ፣ ያያሉም፤ ዝም ብላችሁ ስትቀመጡ ያማል ወይ፣ ሲዞር ያማል ወይ፣ ቆቡ ቀልቷል ወይ፣ አብጧል ወይ፣ ነጩ ቀልቷል ወይ፣ ውኃ ቋጥሯል ወይ፣ በአፍንጫ በኩል ያለችው ሥጋ አብጣለች ወይ። ከ7ቱ 3 ካለ እየነደደ ነው። ሁሉም ዜሮ ከሆነ ግን የቀረው ጠባሳ ነው፣ ስቴሮይድ ለጠባሳ ምንም አያደርግም። አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉት ለዚህ በሽታ የተተረተ ይመስለኛል። «መርዝ ነው» ተብሎ የሸሸ ሰው ሲመለስ ደርቆ ይጠብቀዋል። እኔም በጠብታው 5 ወር እርጥቡን ጊዜ አባክኜ ለጥቂት ነው የደረስኩት።

ደግሞ ሁሉም ሰው እዚህ አይደርስም። አብዛኛው ሰው ቀላል ነው የሚይዘው። ሰው ሠራሽ እንባ፣ ማታ ቅባት፣ ትራስ ከፍ ማድረግ፣ መነጽር፣ ታይሮይድን ማስተካከል፣ ክትትል፣ በቃ። ለቀላሉ ሴሊኒየም የሚታዘዝላቸውም አሉ፣ 100 ማይክሮ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ6 ወር። እ.ኤ.አ. በ2011 አውሮፓ ውስጥ በወጣ ጥናት ጠቅሟል። ጥናቱ የተደረገው ግን ሴሊኒየም ትንሽ በሚያንስበት አካባቢ ነው። በእኛ አገር ደግሞ በእህሉ ውስጥ ያለው ሴሊኒየም ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ስለዚህ ሳይጠይቁ መግዛት አይሆንም።

«ውጭ አገር አንድ መርፌ አለ»

አለ። ስሙ ቴፕሮቱሙማብ ነው፣ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በጥር 2012 ዓ.ም. አጽድቆታል። ለዚህ በሽታ ተብሎ የጸደቀ የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነው። የሚሠራውም አንቲቦዲዋ ከዓይን ጀርባ ስትሠራ አብራት የምትተባበረውን ሌላ መቀበያ በመዝጋት ነው። በዋናው ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 83ቱ ዓይናቸው ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ተመልሷል፣ መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ ከወሰዱት ግን ከመቶ 10ሩ ብቻ። ትልቅ ነገር ነው። ስቴሮይድ የማይችለውን ይችላል፣ ይሄን አልክድም።

ጽሑፉ የዘለለው ግን ብዙ ነው። «አንድ መርፌ» አይደለም፤ በደም ሥር በየ3 ሳምንቱ 8 ጊዜ የሚሰጥ ነው፣ ወደ ግማሽ ዓመት ይወስዳል። መስማትን ሊቀንስ ይችላል፣ የማይመለስባቸውም አሉ። ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ጡንቻ ይኮማትራል። ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው። ካቆሙ በኋላ በሽታው የሚመለስባቸው አሉ። ዋጋው አሜሪካ ውስጥ ሙሉው ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሦስት መቶ ሺህ ዶላር! እኔ የምኖርበትን ቤት ዕዳ ለመክፈል 20 ዓመት የተሰጠኝ ሰው ነኝ።

የሚያበሳጨኝ ዋጋው አይደለም፣ ቁጭቱ ነው። ጽሑፉን ያነበበ ሰው «የኔ መድኃኒት እዚህ የለም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ወይ ዘመድ ያስቸግራል። እርጥቡ ጊዜ ግን እየሄደ ነው። እዚህ ያለው ሕክምና ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ስቴሮይዱ አለ፣ አብሮት የሚሰጠው ማይኮፌኖሌት የሚባል እንክብል አለ። የዓይን ሐኪምና የታይሮይድ ሐኪም ተነጋግረው የሚያዩት ሰው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ለዓይን ምኒልክ፣ ለሆርሞን ጥቁር አንበሳ ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በሮች ናቸው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ፣ ወረፋ ይዞ መጀመር ይሻላል።

«ቀዶ ጥገናው ቶሎ ይሁን»

ቅደም ተከተል አለው። በሽታው እየነደደ እያለ ዓይን አይስተካከልም፤ ነገ ደግሞ ይለወጣል፣ የዛሬው ልኬት ነገ ከንቱ ነው። ቢያንስ ወደ 6 ወር ረግቶ መቆየቱ ይታያል። ከዚያ መጀመሪያ አጥንቱ ነው። ከዓይን ጉድጓድ ግድግዳዎች አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ከፍተው ያበጠው ሥጋ ወደ ጎረቤት ክፍተት እንዲገባ ያደርጋሉ። ኮንዶሚኒየም ገዝቶ የሳሎኑን ግድግዳ ያፈረሰ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቀጥሎ ጡንቻዎቹ ናቸው፣ ሁለት ሆኖ የሚታየው እንዲስተካከል። መጨረሻ ቆቡ። ግድግዳው ሲፈርስ የጡንቻው አሠላለፍ ሊለወጥ ይችላል፣ የጡንቻው ሥራ ደግሞ ቆቡን ይለውጠዋል። ለመልክ ተብሎ ቆቡ ቢቀድም ሁለት ጊዜ መቀደድ ነው። ሁሉም ሰው ሦስቱንም አያስፈልገውም። እኔ የቀረኝ ቆቡ ነው፣ ለደረጃው ደግሞ መነጽሬ ላይ የተለጠፈ፣ ሁለቱን ምስል አንድ የሚያደርግ ፕሪዝም ይዤ እወጣለሁ፣ ብረቱ አሁን አንድ ነው።

ጠበሉ

ይሄን ባጭሩ። እኔም ጠበል እሄዳለሁ። የእንጦጦን ብርድ አውቀዋለሁ። ግን ጠበል የጀመረ መድኃኒት ያቁም የሚለውን ከየት አመጡት? ቤተ ክርስቲያን ለኤችአይቪ ታማሚዎች እንኳ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብላለች። የታይሮይድ መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ልብን የሚያጠፋ የሆርሞን ማዕበል ሊያስነሳ ይችላል። ክኒኑን በጠበሉ መዋጥ ይቻላል፣ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። «ቡዳ በልቷት ነው» ያሉኝ እማማ ጎረቤቴ ራሳቸው አሁን «መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» ይሉኛል።

ጽሑፉ ደህና ያለውም አለ። ንፋስና አቧራ መሸሽ፣ ጥቁር መነጽር ማድረግ፣ ሰው ላይ ዓይን አፍጥጦ «ምን ሆንሽ?» አለመባባል። በተለይ የመጨረሻው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል፣ በዓይን ላይ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ ዓይን ተጨምሮ ከባድ ነው።

ግን ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር አንድም ቦታ ላይ ያልጠቀሰው ነገር አለ፣ እሱን ሳልጽፍ ባልፍ ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ጥቂት ሰዎች ላይ፣ ከመቶ 3 እስከ 5 በሚሆኑት፣ በሽታው ዓይነ ስውርነት ያሰጋል። ያበጡት ጡንቻዎች ከኋላ የዓይንን ነርቭ ይጨምቁታል፣ ወይም ቆቡ መክደን አቅቶት ብርሃን የሚገባበት ፊተኛው ገጽ ይቆስላል። አሳሳቹ ነገር ነርቭ የሚታፈንበት ሰው ዓይኑ ብዙ ላይፈጥ መቻሉ ነው፤ ወደ ፊት ያልወጣ እብጠት ወደ ኋላ ይጫናልና። መጀመሪያ የሚሄደው ቀለም ነው። ቀይ ይደበዝዛል፣ ዳማ ይሆናል። ከዚያ እይታ ይጋረዳል። ይሄ ቀጠሮ የሚጠበቅበት አይደለም፣ በዚያው ቀን የሚኬድበት ነው። ሐኪሞቹ ከፍተኛ ስቴሮይድ በደም ሥር ለቀናት ሰጥተው ያያሉ፣ በሳምንት ሁለት ሳምንት ካልመለሰ ግድግዳው ወዲያው ይከፈታል፣ መርጋቱ አይጠበቅም። ዓይን ሲቆስል ደግሞ ከባድ ሕመም፣ ብርሃን መፍራት፣ መጋረድ ይመጣል። ያም የዛሬ ነው።

ሐኪሜ ያስተማሩኝ ዘዴ ቀላል ነው፣ ለአስተማሪ ደግሞ ዕቃው ሁሌ እጁ ላይ አለ። ጠዋት መስኮት አጠገብ ቆሜ ቀይ የማረሚያ እስክሪብቶዬን አወጣለሁ። ግራ ዓይኔን ሸፍኜ በቀኙ ክዳኑን አያለሁ፣ ከዚያ ቀኙን ሸፍኜ በግራው። አንዱ ቀይ ሌላው የደበዘዘ ቡርቱካን ከሆነ ትምህርት ቤት አልሄድም፣ ታክሲ ተራ ነው የምሄደው። ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ አሁን እስክሪብቶ ጠፋ ስል መጀመሪያ መስኮቱ ጋ ይፈልጋል።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱም እኩል ቀይ ነበሩ። የ4ኛ ሀ የሒሳብ ደብተር ግን ገና አልታረመም።